ማንም ያልመረጣት ጀልባ

ያለፈው ቅዳሜ ባለቤቴ ሙስጠፋ ልጆቹንና እኔን ይዞ ጋባ ወረደ። ጋባ ከእኛ ሰፈር ከኪሱጉ ሩቅ አይደለም። ሐይቁ ዳር ነው፤ ዓሣ የሚሸጥበት፣ ወደ ደሴቶቹ የሚሄዱት የእንጨት ጀልባዎች የሚነሡበት ቦታ። እኔ ግን ሰበብ እየፈለግሁ ከቀረሁ ቆይቻለሁ። ጀልባ የሚሠራበት ግቢ በር ላይ ስንደርስ ሽታው ቀድሞ ተቀበለኝ። የጥፍር ቀለምና ናፍጣ አብረው የተቃጠሉ የሚመስል፣ አፍንጫ ወግቶ አፍ ውስጥ ጣፋጭ ሆኖ የሚቀር ሽታ። ፋይበርግላሱን የሚያጣብቁበት ፈሳሽ ነው። በሩን ይዤ ቆምኩ። ልጆቹ አላዩኝም፤ በሁለት ጀልባዎች መሐል ይሯሯጣሉ።

ሁለቱም ለቤተሰብ የሚሆኑ ትንንሽ የሞተር ጀልባዎች ናቸው። እህትማማች ይመስላሉ፤ አንዷ ከሌላዋ በምን እንደምትለይ ሻጩ ራሱ ጣቱን እየቀሰረ ነው የሚያስረዳው። ሙስጠፋ ወደ እኔ ዞረና «እህ ዘሃራ፣ የቷ ትሻላለች?» አለኝ።

«አንተ የወደድካት» ልል አፌን ከፈትኩ። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ቃሉ ግን የእኔ ሳይሆን የእናቴ መሆኑ ትዝ አለኝና ዋጥኩት።

«ሁለቱንም እፈራቸዋለሁ» አልኩ። «ውሃውን እፈራለሁ። ልጆቼ ሲሳፈሩ ቆሜ ማየት እፈራለሁ።»

ልጆቹ ሳቁብኝ። ሙስጠፋ አልሳቀም። «ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርሽኝም?» አለ። ያን ቀን ሳንገዛ ተመለስን። ለምን እንዳልነገርኩት ለመናገር እናትና አባቴ ጀልባ የመረጡበትን ዓመት መናገር አለብኝ። በአፌ ስጀምረው ያንቀኛል፤ ስለዚህ እጽፈዋለሁ።

ያኔ ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው። አባዬ ይመር ኪሱጉ ውስጥ ትንሽ ሱቅ ነበረው፤ ስኳር፣ ሳሙና፣ ላምባ፣ የሻይ ቅጠል። ከወሎ ደጋ ወደዚህ አገር የመጣ የበቅሎ ነጋዴ ልጅ ነው። እማዬ ፋጡማ ደግሞ ከዚያው ከወሎ ሆና ሐይቅ ከሚባለው ከተማ ናት፤ አባቷ በታንኳ ሰው የሚያሻግር ነበር። አባዬ በቀልዱ «እኔ ከላይ ነው የወረድኩት፣ እሷ ከታች ነው የወጣችው፤ ደሴ ገበያ ላይ ተገናኘን» ይል ነበር። እማዬ ይህን በሰማች ቁጥር በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ትስቃለች።

ያን ዓመት ግን አልሳቀችም። ትንሹ ወንድሜ አብዱ ገና መዳህ እንደጀመረ በዝናቡ ወራት ትኩሳት ያዘውና ሞተ። ሴትና ልጅ ቀብር አይሄድም። ወንዶቹ ነጭ ጨርቅ ጠቅልለው መኪና ውስጥ ሲያስገቡት እኔ መስኮት ላይ ነበርኩ። መኪናዋ ታችኛው መታጠፊያ ላይ ደርሳ በጋባ መንገድ ዞረች። በጋባ መንገድ የሚሄድ ሰው ደግሞ የሚደርሰው ሐይቁ ጋ ነው። ስለዚህ አብዱ ሐይቁ ጋ ነው ብዬ ደመደምኩ። የጠየቀኝ ስለሌለ ያረመኝም የለም።

እማዬ ስታለቅስ ጎረቤት ሴቶች ከበው «ተይ ፋጤ፣ ተይ። የሰጠው አላህ ወሰደው። ድምፅሽን አታሰሚ» አሏት። ለደግ ብለው ነው። እሷም ቃላቸውን ተቀብላ ዝም አለች፤ ዝም እንዳለችም ቀረች። የሳሙና ካርቶን ላይ ተቀምጣ ደጅ ደጁን ታያለች። ደንበኛ መጥቶ «ኛቦ! ኛቦ!» ብሎ ባንኮኒውን ይደበድባል፤ «እመቤት» ማለቱ ነው፤ አትሰማውም። እኔ ሮጬ ስኳሩን እመዝናለሁ። አባዬ ቀልዱን ሁሉ አወረደላት፤ የደሴ ገበያውንም፣ የበቅሎዎቹንም። ትሰማውና «እሺ» ትለዋለች። እሺ ለቀልድ መልስ አይደለም።

ዒድ ሰላት ከተሰገደ በኋላ ነው ጋባ የወሰደን። ዓሣ እንብላ ብሎ። እማዬ ድንገት ጫማዋን አወለቀችና ልብሷን ሰብሰብ አድርጋ ውሃው ውስጥ ገባች። አባዬ ከሣሩ ላይ ሆኖ «ፋጤ! ኸረ ፋጤ ተይ!» እያለ ይጮኻል። እሷ እስከ ባቷ ገብታ ቆመች፤ ከዚያ ዞር ብላ አየችንና ፈገግ አለች። ጥርሷን ካየሁ ከርሜ ነበር፤ አንዱ ጥርሷ ተሸርፎ እንደነበረ እንኳ ረስቼ ነበር።

በዚያው ሳምንት አባዬ የጀልባ ወሬ ጀመረ።

ለሰው ሁሉ ለንግድ ነው ይላል፤ ስኳርና ሳሙና ወደ ደሴቶቹ ልወስድ ነው፣ በእሑድ ደግሞ ቤተሰቤን አዝናናባታለሁ። ጓደኛው አያ ሐሰን ሱቁ በር ላይ ተቀምጦ ሆዱን ይዞ ይስቅበት ነበር።

«ይመር፣ አባትህ በቅሎ፣ አያትህ በቅሎ። አንተን ምን ውሃ ላይ አወጣህ? ጀልባ ጭድ አትበላም እኮ!»

«ለዚያ ብዬ ነው የምገዛት። ቀለብ የላትም።»

«ቤንዚን ትጠጣለች!»

«ትጠጣ። እንደ አንተ ሻይ በነፃ አትጠጣም።»

አያ ሐሰን ስቆ ሲጨርስ አባዬ ድምፁን ዝቅ አደረገ። እኔ ከባንኮኒው ሥር ሩዝ እየለቀምኩ ነበር። «እሷ የሐይቅ ልጅ ናት፣ ሐሰን። ውሃ ላይ ካወጣኋት አፏ ይፈታል። ካልተፈታ ግን... ቤቴ ውስጥ አንድ አልቀበርኩም፤ ሁለት ነው» አለው። አያ ሐሰን ከዚያ በኋላ ስለ በቅሎ አላነሣም።

እኔ በበኩሌ ጀልባዋ ለምን እንደምትገዛ ገብቶኛል፤ ወደ አብዱ ልንሄድ ነው።

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር አባዬ እኔን ለአስተርጓሚነት ይዞኝ ይሄዳል። የአገሬው ቋንቋ ሉጋንዳ ነው፤ የእሱ ግን የገበያ ነው፤ ዋጋ ይናገርበታል እንጂ ሌላ ነገር አይሆንለትም። ጀልባ ሠሪው ሙዜ ካቶ የሚባሉ አጭር ሽማግሌ ነበሩ፤ ልብሳቸው በደረቀ ሙጫ ቆሞ የሚሄድ፣ ሲራመዱ የሚንኮሻኮሽ። ግቢያቸው ውስጥ ሁለት ጀልባዎች በአሮጌ ጎማ ላይ ተደፍተው ይጠብቁናል። ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም አንድ ቤተሰብ የሚይዙ። አንዷ ጎኗ ላይ አረንጓዴ መስመር አላት፣ ሌላዋ ሰማያዊ። ፋይበርግላስ ከመስታወት ክር የሚሠራ ነው ሲሉኝ ውሃ ውስጥ ድንጋይ ቢነካት እንደ ብርጭቆ የምትረግፍ መሰለኝና በጣቴ ጫፍ ነው የነካኋት። ሻካራ ነበረች። ጣቴ እስኪመሽ ሲያሳክከኝ ዋለ።

አባዬ ጀልባ አያውቅም። ስለዚህ በሚያውቀው መረመራቸው። ከራስ እስከ ጭራ በመዳፉ ዳበሳቸው። ጎናቸውን በጣቱ አንኳክቶ ጆሮውን አስጠጋ። ጎንበስ ብሎ ከኋላ በኩል አቋቋማቸውን አየ፤ ዞሮ ከፊት አየ። ሙዜ ካቶ በሳቅ ፈረሱ።

«አባትሽ ጥርሷን ነው እንዴ የሚፈልገው?»

ስነግረው አባዬም ሳቀና «በያቸው፣ ዕድሜዋን የሚደብቅ ነጋዴ ብዙ አይቻለሁ» አለ።

ልዩነታቸው ሆዳቸው ላይ ነው። አረንጓዴዋ ሆዷ ሰፊና ልሙጥ ነው። ሰማያዊዋ እንደ ዶሮ ደረት መሐል ለመሐል የሾለች ናት። ሙዜ ካቶ በእጃቸው አሳዩን። መዳፋቸውን ዘርግተው ውሃ ላይ እንደሚያስቀምጡ አደረጉና፣ ይቺ እንዲህ ጸጥ ብላ ትቆማለች፣ ማዕበል ሲመጣ ግን በጥፊ ይመታታል አሉ። ቀጥለው መዳፋቸውን እንደ ቢላ አቆሙት፤ ይቺኛዋ ስትቆም ትወዛወዛለች፣ ማዕበሉን ግን ሰንጥቃው ትሄዳለች። አባዬ ለዚህ አስተርጓሚ አላስፈለገውም።

በታክሲ ስንመለስ በጣም ደስ ብሎት ነበር። «ሰማያዊዋ ናት» አለኝ። «ገበያ ላይ ዝም ብላ የምትቆም በቅሎ አትመንሽ፣ ዘሃራዬ። በቅሎ ዳገት ላይ ነው የምትታወቀው። ገበያ ላይ የምትቅበጠበጠዋ ናት ገደል የምታሻግርሽ።» ትንሽ ቆየና «ለእናትሽ እንዳትነግሪ ብቻ። ራሷ ትምረጥ። የመረጠችው ነገር እንዲኖራት ነው የምፈልገው» አለ። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ብርጭቆ እንደሚጠብቅ ሰው አፌን ጠበቅሁ።

እማዬን ይዘናት የሄድን ቀን ሙዜ ካቶ ሁለቱንም ጀልባዎች ውሃ ላይ አውርደው በገመድ አስረዋቸዋል። ውሃ ላይ ሲሆኑ ሆዳቸው ስለማይታይ ከመስመራቸው ቀለም በቀር መለያ የላቸውም። መጀመሪያ አረንጓዴዋ ላይ ወጣን። ወለል ላይ እንደ መቀመጥ ነው፤ ምንም አልሆነችም። አባዬ ደረቱን ነፍቶ ተቀመጠ። ቀጥለን ወደ ሰማያዊዋ ተሻገርን። እማዬ እግሯን እንዳሳረፈች ጀልባዋ ወዲህ ወዲያ ተወዛወዘች፤ እማዬም «እይ!» ብላ ሳቀች። አጭር ሳቅ ናት፤ ግን ድምፅ ነበራት። ሚዛኗን ለመጠበቅ ወገቧን ስታወዛውዝ እኔ የማላውቃት ልጅ እግር ሴት መሰለችኝ።

ዞር ብላ አባዬን አየችው። እኔም አየሁት። በሁለት እጁ የጀልባዋን ጠርዝ ይዟል፤ ጥፍሮቹ ነጭ ሆነዋል። ጀልባዋ ከገመዷ አምልጣ እንዳትሄድ ይዟት ነው ብዬ አሰብኩ። አባቴ ጀልባ የሚያስቆም ጉልበት ስላለው ኮራሁ።

እማዬ ሳቋን ሰበሰበች።

«እህ? የቷ ትሻላለች?» አላት አባዬ። ከንፈሩ ደርቋል፣ ግን ፈገግ ብሏል።

«አንተ የወደድካት።»

«ኸረ ተይ ፋጤ። ላንቺ ነው። ደስ ያለሽን ንገሪኝ።»

«ለእኔ ሁሉም አንድ ነው።»

«አላህን፣ አንድ ጊዜ እንኳ የልብሽን ንገሪኝ!»

እጆቹን እንደገና አየች። «እንግዲያማ... አረንጓዴዋ ረጋ ያለች ናት» አለች።

የአባዬ ፊት ወደቀ። እኔ በቅርብ ነበርኩ፤ ሲወድቅ አይቻለሁ። ግን ወዲያው አነሣውና «ጥሩ ዓይን አለሽ! አረንጓዴዋ ትሁን!» ብሎ ጮክ አለ። ከጀልባዋ ፈጥኖ ወረደ። እማዬ ሰማያዊዋን በመዳፏ ቸብ ቸብ አድርጋ ነው የወረደችው፣ ደህና ሁኚ እንደምትባል ላም።

የመጀመሪያው ጉዟችን እሑድ ጠዋት ሆነ። ሞተሩን የያዙት ሙዜ ካቶ ራሳቸው ናቸው። አባዬ ከፊት ተቀመጠ፣ እማዬና እኔ መሐል። የለበስናቸው ተንሳፋፊ ሰደርያዎች ብርቱካናማ ነበሩ፤ እማዬ በነጠላዋ ላይ አጥልቃው ሳያት እኔ ሳቄን ያዝኩ። ወሽመጡን እስክንወጣ ውሃው እንደ ዘይት ጸጥ ያለ ነበር። ከዚያ ነፋሱ መጣ።

የሙዜ ካቶ መዳፍ ያሳየን ሁሉ ደረሰ። የጀልባዋ ሆድ ውሃውን ጧ! ጧ! እያለ ይመታዋል። በመታ ቁጥር ጥርሴ ይጋጫል፣ ወገቤ ይናጣል፣ ፊታችን ላይ ውሃ ይረጫል። እኔ የእማዬን ጉልበት አቀፍኩ። እማዬ ግን ነጠላዋን ከራሷ አውርዳ ፊቷን ለነፋሱ ሰጠች። መናገርም ጀመረች። ድምፅዋ ከሞተሩ በላይ ነው። አባቷ በማለዳ ሲቀዝፍ እንዴት እንደሚያንጎራጉር፣ እሷ ታንኳው አፍንጫ ላይ ተቀምጣ እግሯን ውሃ ውስጥ ስታንጠለጥል እንዴት እንደሚቆጣት፣ አንድ ቀን ሙሽራ ሲያሻግሩ የሙሽራዋ ጫማ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሚዜዎቹ እንዴት እንደተጯጯሁ። ለማን እንደምትናገር እንጃ፤ አባዬ ወደ ፊት ነው የዞረው።

ከሩቅ ደሴቷ ታየችኝ። ዳር ላይ ልጆች ቆመዋል። አንድ በአንድ አየኋቸው።

«እማዬ፣ አብዱ የቱ ጋ ነው?»

ንግግሯን አቆመች። ዓይኔን አየችው፣ ልጆቹን አየች፤ ምን እያሰብኩ እንደከረምኩ ያኔ ገባት። አገጬን በእጇ ያዘችው።

«አብዱ እዚህ የለም፣ የእኔ ልጅ። አብዱ ሞቷል። አፈር አልብሰውታል።»

ከዚያ አለቀሰች። ሴቶቹ ዝም ያሰኟት ለቅሶ ነው የመጣው፣ ከሆዷ ሥር። «አብዱዬ! አብዱዬ!» እያለች፣ ደረቷን እየመታች። መሐል ውሃ ላይ ደግሞ «ድምፅሽን አታሰሚ» የሚል ጎረቤት የለም። ሙዜ ካቶ ራሳቸውን አቀርቅረው ሞተሩን ዝግ አደረጉት። ቋንቋው ባይገባቸውም ለቅሶ ገብቷቸዋል።

አባዬ ያኔ ዞረ። ፊቱ አመድ መስሏል። ሁለት እጁ ጠርዙ ላይ ተጣብቋል። ጧ! ሲል ዓይኑን ይጨፍናል።

«ዘሃራ» አለኝ። «በያቸው። እናትሽ ፈርታለች። እንመለስ።»

እማዬን አየኋት፤ ታለቅሳለች። ለካ ፍርሃት ነው አልኩ። ወደ ሙዜ ካቶ ዞሬ «ማማ አቲዴ። ቱዴዮ» አልኳቸው፤ እናቴ ፈርታለች፣ እንመለስ።

ጀልባዋ ዞረች። እማዬ የአባዬን እጆች አየች፣ ቀጥላ ፊቱን። ለቅሶዋን እንደ እህል ውጣ ዓይኗን ጠረገች። «እኔ አልፈራሁም» አላለችም። ነጠላዋን ራሷ ላይ መለሰች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወሬው «ፋጤ ፈራች» ሆነ። አባዬ ለሚጠይቀው ሁሉ «ምን ላድርግ፣ ውሃ አልተስማማትም» ይላል። ክፋት የለውም፤ ለራሱም እንደዚያ ብሎ ነው የነገረው መሰለኝ። ጎረቤት ሴቶች ሱቅ ሲመጡ ይተርቧታል።

«የሐይቅ ልጅ ነኝ ስትዪ አልነበር? ባልሽን ቤንዚኑን አስከሰርሽው አሉ!»

«እርጅና ነው» ትላለች እማዬ፣ ሳሙናቸውን እየጠቀለለች። ያኔ ሠላሳ ዓመት አልሞላትም። ባልን በሰው ፊት ማሳነስ ነውር ነው ተብላ ያደገች ሴት ናት። የእሱን ፍርሃት እንደ ራሷ ልብስ ለብሳው ዞረች፤ እኔም አመንኩ። እናቴ ውሃ የምትፈራ ሴት ናት ብዬ፣ እኔም መፍራት አለብኝ ብዬ አመንኩ።

አረንጓዴዋ ጀልባ ጋባ ላይ ታስራ ከረመች። ዝናብ ሞላባት፤ ወፎች አረፉባት። አያ ሐሰን እንኳ አልቀለደባትም። በመጨረሻ አንድ ዓሣ ነጋዴ ገዛት። ልናስረክብ የሄድን ቀን ሰውየው እስኪመጣ ዳር ላይ ቆመን ሳለ ሰማያዊዋ በፊታችን አለፈች። ከሀብታሞቹ ሰፈር ከኮሎሎ የመጣ አንድ ቤተሰብ ገዝቷት ኖሯል። ልጆቹ ይጮኻሉ፣ እሷ ውሃውን እንደ ጨርቅ ቀድዳ አለፈች፤ ከኋላዋ ነጭ መስመር ብቻ ቀረ።

እማዬ እስክትጠፋ አየቻት። «እሷ ነበረች እኮ» አለች።

«ማን?» አለ አባዬ።

«ሰማያዊዋ። ልቤ እሷ ላይ ነበር።»

አባዬ ዞሮ አፈጠጠባት። «ምን? አረንጓዴዋን ያልሽው አንቺ አይደለሽ?»

«እጅህን አይቼ ነዋ።»

ቀና አላለችም። እሱም ለረጅም ጊዜ መዳፉን እያገላበጠ አየው፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል። «እኔ እኮ ሰማያዊዋን ልገዛልሽ ነበር የመጣሁት» አለ። «ቀድሜ መርጫት ነበር። ላንቺ ብዬ። አረንጓዴዋን ስትዪኝ... ፈራሽ ብዬ ነው።»

ተያዩና ሳቁ። እውነቴን ነው፤ ሁለቱም፣ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀር። እኔም አብሬ ሳቅሁ። አሁን ደስ ሊለን ነው፣ ሁሉም ነገር ተነገረ አልኩ። ሳቁ ሲያልቅ እማዬ አንገቷን ወደ እሱ ዘንበል አድርጋ ጠበቀች። አሁን ሳስበው፣ አንድ ቃል ነበር የምትጠብቀው። «ፈርቼ ነበር» ቢላት፣ ወይም «ነይ በእንጨቱ ጀልባ እንሂድ፣ እጄን ያዢኝ» ቢላት።

አባዬ ሰማዩን አየ። «ዝናብ ሳይመጣ እንሂድ» አለ።

ከዚያ በኋላ በአንዱ እሑድ እማዬ ንጹሕ ልብሷን ለበሰችና «ደርሼ እመጣለሁ» ብላ ወጣች። አባዬ የት እንደሄደች ትንሽ ቆይቶ ገባው። ሱቁን ዘግቶ እኔን ከፊቱ አስቀምጦ በሞተር ታክሲ፣ በቦዳ፣ ተከተልናት፤ የሞተሩን ነጂ «ቶሎ፣ ቶሎ» ይለዋል። ጋባ ስንደርስ ትልቁ የእንጨት ጀልባ ሰውና ማቶኬ የሚሉትን አረንጓዴ ሙዝ ጭኖ ከዳር ርቋል። ከሙዙ ክምር አጠገብ ነጭ ነጠላዋን ለየሁት። ጀርባዋን ነው የሰጠችን።

«ጥራት፣ አባዬ!» አልኩት።

አፉን ከፈተ፤ አልጠራትም። ለመሳፈር የሚጠብቅ ሌላ ጀልባ ነበር፤ ነጂው «ሴቦ፣ ና፣ ቦታ አለ» እያለ፣ «ጌታዬ» ማለቱ ነው፣ በእጁ ይጠራዋል። አባዬ ወደ ውሃው ሁለት እርምጃ ሄደና ቆመ። ተመልሶ እጄን ያዘኝ። እጁ በላብ ርሷል። የእናቴ ሳይሆን የእሱ ፍርሃት ወደ መዳፌ ሲገባ የተሰማኝ ያን ጊዜ ነው። የምሰጠው ስም ግን አልነበረኝም። ዳር ላይ ተቀምጠን ዋልን። ሮሌክስ ገዛልኝ፤ ቂጣውን ከነእንቁላሉ ብቻዬን በላሁት። እሱ ከአድማሱ ላይ ዓይኑን አላነሣም።

ማምሻውን ተመለሰች። የልብሷ ጫፍ ረጥቧል፣ ዓሣ ዓሣ ትሸታለች፣ ዓይኗ አብጧል፤ ፊቷ ግን ቀሎታል።

«ሰላም ነው?» አላት።

«ሰላም ነው» አለችው።

ሌላ አልጠየቃትም። እማዬ እጄን ያዘችኝና ዳገቱን ጀመርን። እየሄድን ነገረችኝ። ደሴቷ ላይ መረብ የሚሰፉ ሴቶች እንዳሉ፣ አንዷ ባለማወቋ ስንት ልጅ አለሽ ብላ እንደጠየቀቻትና ሁለት ብላ እንደመለሰችላት፣ የአብዱን ስም ጠርታ እስኪበቃት እንዳለቀሰች፣ ሴቶቹም አብረዋት እንዳለቀሱ። አብዱ ሲስቅ አፍንጫው እንዴት እንደሚሸበሸብ፣ ሲወለድ ፀጉሩ እንዴት እንደነበር። ለስምንት ዓመት ልጅ የሚነገር ወሬ አልነበረም። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ነው የምታወራው፤ እኔ እንድሰማ ከሚያስፈልገው በላይ ከፍ አድርጋ።

ዞር ብዬ አየሁ። አባዬ ከኋላችን ነበር፣ ትንሽ ራቅ ብሎ። እርምጃውን ከእርምጃችን ጋር እያስተካከለ፣ አንድም ቃል እንዳያመልጠው አንገቱን አስግጎ፣ ለእሱ ሊነገር የነበረውን ሁሉ ሲሰማ።